ሆስፒታሉ ለብዙዎች፣ መሬቱ ከጥቂቶች፦ የከተማ ዳርቻ ነዋሪዎች ክርክር

ባሕር ዳር፦ በከተሞቻችን ዳርቻ በሚገኙ ቀበሌዎች «እዚህ አካባቢ ሆስፒታል ሊሠራ ነው» የሚል ወሬ ሲሰማ በአንድ ሰው ልብ ውስጥ ሁለት ስሜቶች ይነሣሉ። አንደኛው ደስታ ነው። ምጥ የጠናባትን ሴት በቃሬዛ ተሸክሞ ሌሊቱን ሙሉ የተጓዘ፣ ወይም የታመመ ልጁን ይዞ ከአንዱ ጤና ተቋም ወደ ሌላው የተንከራተተ ሰው የሆስፒታልን ዋጋ ያውቃል። ሁለተኛው ሥጋት ነው። ግንባታው የሚያርፈው በማን ማሳ ላይ ነው? ቆሻሻው ወዴት ይሄዳል? የአካባቢው ጉድጓድ ውኃ ምን ይሆናል? የሚሉት ጥያቄዎች ወዲያው ይከተላሉ።

ክርክሩ በብዙ ቦታዎች የሚቀርበው በአንድ ጥያቄ ተጠቃሎ ነው፤ «ሆስፒታሉ እንዲሠራ ትደግፋላችሁ ወይስ ትቃወማላችሁ?» ተብሎ። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን የተሳሳተ ነው። ሆስፒታልን እንደ ሆስፒታል የሚቃወም ነዋሪ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። የሚያከራክረው የጥቅሙና የጉዳቱ አከፋፈል ነው። የአንድ ትልቅ ሆስፒታል ጥቅም በሚሊዮኖች ላይ በጥቂት በጥቂቱ ይዳረሳል፤ ጉዳቱ ግን በጥቂት ቤተሰቦች ላይ በአንድ ጊዜ ይወድቃል። እነዚህ ጥቂቶች «ልማት ጠል» እየተባሉ ከታለፉ፣ ወይም በተቃራኒው የእነርሱ ቅሬታ የሚሊዮኖችን ሕክምና ያለ ገደብ ካስቆመ፣ በሁለቱም መንገድ ፍትሕ ይጎድላል። ስለዚህ የሚበጀው ጥያቄ «ይሠራ ወይስ አይሠራ?» የሚለው ሳይሆን «የሚሠራው በምን ውል ነው?» የሚለው ነው።

ሆስፒታል ለምን ወደ ዳር ይወጣል?

በሀገራችን የጤና አገልግሎት አወቃቀር መሠረት የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60 ሺህ እስከ 100 ሺህ ለሚደርስ ሕዝብ፣ አጠቃላይ ሆስፒታል ከ1 ሚሊዮን እስከ 1 ነጥብ 5 ሚሊዮን ለሚደርስ ሕዝብ፣ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ደግሞ ከ3 ነጥብ 5 ሚሊዮን እስከ 5 ሚሊዮን ለሚደርስ ሕዝብ አገልግሎት እንዲሰጥ ይጠበቃል። የደረጃው ከፍታ በጨመረ ቁጥር የሚያስፈልገው የመሬት ስፋትም ይጨምራል። ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የማስተኛ ክፍሎች ብቻ አይደሉም፤ የመማሪያ ክፍል፣ የተማሪዎችና የሐኪሞች መኖሪያ፣ የኦክስጅንና የመድኃኒት ማከማቻ፣ የቆሻሻ ማስወገጃ፣ የመኪና ማቆሚያና ለወደፊት ማስፋፊያ የሚሆን ባዶ ቦታ ይፈልጋል። ይህን ያህል ስፋት ያለው ክፍት መሬት በከተማ መሃል አይገኝም።

ባሕር ዳር ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናት። በ1950ዎቹ የተገነባው ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል በከተማዋ ውስጥ ይገኛል፤ ከተማዋ በዙሪያው አድጋ አቅፋዋለች። በ2011 ዓ.ም. አገልግሎት የጀመረው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ጥበበ ጊዮን ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ግን ከመሃል ከተማ ወጣ ብሎ በአዴት መንገድ ላይ ነው የተሠራው። በሁለቱ ተቋማት መካከል ያለው ልዩነት የሁለት ዘመን ልዩነት ነው። ቀደም ሲል ሆስፒታል ሲሠራ ከተማዋ ትንሽ ነበረች፤ ዛሬ ሆስፒታል የሚሠራው ከተማዋና የገበሬው ማሳ በሚገናኙበት መስመር ላይ ነው።

ይህ መስመር ባዶ አይደለም። በባሕር ዳር ዙሪያ ያሉትን እንደ ዘንዘልማ፣ ሰባታሚትና ወራሚት ያሉ ቀበሌዎች የሚያውቅ ሰው መሬቱ ምን ያህል እንደተያዘ ያውቃል። ማንጎና አቮካዶ፣ አትክልት፣ ጫት፣ ባሕር ዛፍ፣ ለከተማው ወተት የምታቀርብ ላም፣ በእጅ የተቆፈረ የውኃ ጉድጓድ በአንድ አነስተኛ ይዞታ ላይ ተጎራብተው ይገኛሉ። በከተማ ካርታ ላይ «ክፍት ቦታ» ተብሎ የሚቀለመው መሬት በገበሬው ዘንድ የሙሉ ዓመት መተዳደሪያ ነው።

ዳር ሆኖ የሚቀር ዳር የለም

ሆስፒታልን ከከተማ አርቆ መሥራት በሀገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ድሮ ግን ምክንያቱ የመሬት ስፋት ሳይሆን የበሽታ ፍራቻ ነበር። በአዲስ አበባ በ1920ዎቹ የተጀመረው የዘነበ ወርቅ የሥጋ ደዌ ሕክምና ማዕከል ከከተማው ርቆ እንዲሠራ የተደረገው ሕሙማኑ ከሰው እንዲገለሉ ተብሎ ነበር። በኋላም በዚያው ሥፍራ በ1958 ዓ.ም. አለርት ተቋቋመ። ከደሴ ወጣ ብሎ የሚገኘው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታልም የሥጋ ደዌ ሕሙማን መታከሚያ ሆኖ የተጀመረ ነው። በእንጦጦ ግርጌ የሚገኘው የቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታልም ከሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ጋር ስሙ ተያይዞ የኖረ ተቋም ነው።

ዛሬ አለርት የሚገኝበት ሥፍራ የከተማ ዳር አይደለም። ከተማዋ ደርሳበት፣ አልፋው ሄዳለች፤ ሰፈሩም በሆስፒታሉ የቀድሞ ስም ዘነበ ወርቅ ተብሎ ይጠራል። ለመሸሽ ተብሎ የተመረጠው ቦታ ራሱ ሰፈር ወለደ። ሕሙማንን ተከትለው ቤተሰቦቻቸው መጡ፤ ቤተሰቦቻቸውን ተከትሎ ገበያ መጣ፤ ገበያውን ተከትሎ መንገድና ቤት መጣ።

ከዚህ የምናገኘው ትምህርት ለዛሬው ክርክር እጅግ ይጠቅማል። ሆስፒታል ባረፈበት ቦታ ሁሉ ከተማን ይስባል። መድኃኒት ቤቱ፣ አልጋ ቤቱ፣ ምግብ ቤቱ፣ የባጃጅ ፌርማታው ከሆስፒታሉ በር ፊት ለፊት ይሰለፋሉ። ስለዚህ «ከነዋሪ የራቀ ነውና ችግር አያመጣም» የሚለው የዕቅድ አውጪዎች መከራከሪያ የሚቆየው ለጥቂት ዓመታት ብቻ ነው። በተመሳሳይ መልኩ «መሬታችን የሚነካው ሆስፒታሉ ያረፈበት ቁራሽ ብቻ ነው» ብሎ የተረጋጋ ጎረቤት ገበሬም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከተማው ደጁ ላይ ቆሞ ያገኘዋል። ክርክሩ ስለ አንድ አጥር ሳይሆን ስለ አንድ አካባቢ ቀጣይ ዕጣ መሆን የሚኖርበት በዚህ ምክንያት ነው።

በአንድ አዳራሽ የተሰበሰቡ የተለያዩ ወገኖች

የቀበሌ ስብሰባ ሲጠራ «ነዋሪው» የሚል አንድ ስም ይሰጣል እንጂ በአዳራሹ የሚቀመጡት ሰዎች ጥቅም አንድ ዓይነት አይደለም።

የመጀመሪያው ወገን የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር በእጁ ያለው አርሶ አደር ነው። ሕጉ የሚያውቀውም የሚክሰውም እርሱን ነው። የእርሱ ጥያቄ የካሳው መጠን፣ ምትክ መሬቱና ከዚያ በኋላ ያለው ኑሮ ነው።

ሁለተኛው ወገን የዚያው አርሶ አደር ልጅ ነው። በአማራ ክልል የመጨረሻው ሰፊ የመሬት ድልድል የተካሄደው በ1989 ዓ.ም. ነበር። በዚያ ጊዜ ሕፃን የነበረው ዛሬ የልጆች አባት ሆኗል፤ መሬት ያለው ግን ከወላጁ በስጦታ ወይም በውርስ ካገኘ ብቻ ነው። ብዙው ወጣት የአባቱን ማሳ ያርሳል፤ በደብተሩ ላይ ግን ስሙ የለም። መሬቱ ለሆስፒታል ሲወሰድ ካሳው ለአባት ይከፈላል፤ ልጁ ሊወርሰው ይጠብቅ የነበረው መሬት ግን አብሮ ይሄዳል። በዚህ የተነሣ ክርክሩ አንዳንዴ በመንግሥትና በነዋሪ መካከል ሳይሆን በአንድ ጎጆ ሥር በአባትና በልጅ መካከል ይሆናል። አባት ካሳውን ተቀብሎ ማረፍ ሲፈልግ፣ ልጅ ሥራ ሳያገኝ መሬቱ እንዳይለቀቅ ይሟገታል። ገልባጩ ሊሆንም ይችላል፤ ልጁ የሆስፒታሉን ሥራ ተስፋ አድርጎ ሲደግፍ አባት ማሳዬን አልለቅም ይላል። መሬት የሌላቸው የእኩል አራሾችም ከዚሁ ወገን ናቸው፤ ያረሱት መሬት ሲወሰድ ካሳ የሚከፈለው ለባለይዞታው ነው።

ሦስተኛው ወገን በቤት ሠሪ ማኅበራት ተደራጅቶ ወይም መሬት ተመርቶ በአቅራቢያው ቤት የሠራ የከተማ ነዋሪ ነው። የእርሱ ሥጋት ሌላ ነው። የአምቡላንስ ጩኸት፣ የመንገድ መጨናነቅ፣ ከቆሻሻ ማቃጠያ የሚወጣ ጭስ፣ ከአስከሬን ክፍል ደጃፍ የሚነሣ ለቅሶ ያሳስበዋል። በአንጻሩ ግን የቤቱ ኪራይ እንደሚጨምር፣ ውኃና መብራት ወደ ሰፈሩ ቶሎ እንደሚመጣ፣ መንገዱ አስፋልት እንደሚሆን ያውቃል። ስለዚህ ተቃውሞው ብዙውን ጊዜ «አይሠራ» ሳይሆን «ትንሽ ራቅ ይበል» የሚል ነው።

አራተኛው ወገን በጨረቃ ቤት የሚኖረው ነው። ከገበሬው በውስጥ ስምምነት ቁራሽ መሬት ገዝቶ ቤት ቀልሷል፤ በሕግ ፊት ግን ባለይዞታ አይደለም። ስብሰባ ላይ ቢመጣም አፉን ሞልቶ አይናገርም። ግንባታው ሲጀመር ከሁሉ በፊት የሚነሣው እርሱ ነው።

እነዚህን አራት ወገኖች በአንድ ድምፅ አሰጣጥ መጠየቅ አራት የተለያዩ ሕሙማንን በአንድ መድኃኒት ለማከም እንደ መሞከር ይቆጠራል።

ካሳው ምን ይሸፍናል፤ ምንስ ይቀረዋል?

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን ሲደነግግ አርሶ አደሩ ከይዞታው ያለመነቀል ዋስትና እንዳለው፣ ንብረቱ ለሕዝብ ጥቅም ሲወሰድም ተመጣጣኝ ካሳ እንደሚከፈለው ያስቀምጣል። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 መሬቱን በቋሚነት ለሚለቅ አርሶ አደር ባለፉት አምስት ዓመታት ያገኘው አማካይ ዓመታዊ ገቢ በ10 ተባዝቶ እንዲከፈለው ይደነግግ ነበር። ይህን የተካው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ስሌቱን ቀየረው፤ ባለፉት ሦስት ዓመታት ከተገኘው ገቢ ከፍተኛው ተወስዶ በ15 እንዲባዛ አደረገ። አዋጁ ከዚያ ወዲህም ማሻሻያ ተደርጎበታል።

ለውጡ በአኃዝ ሲታይ ትንሽ አይደለም። ለምሳሌ አንድ አርሶ አደር ከአትክልት ማሳው በአምስት ተከታታይ ዓመታት 40 ሺህ፣ 50 ሺህ፣ 60 ሺህ፣ 90 ሺህ እና 120 ሺህ ብር ገቢ አገኘ እንበል። በቀድሞው ስሌት አማካዩ 72 ሺህ ብር ስለሆነ ካሳው 720 ሺህ ብር ይሆናል። በ2011ዱ አዋጅ ስሌት ግን ከፍተኛው 120 ሺህ ብር በ15 ሲባዛ 1 ሚሊዮን 800 ሺህ ብር ይደርሳል። በመሬቱ ላይ ላለው ንብረትም ለብቻው ካሳ ይታሰባል። አዋጁ ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥም ካሳ እንዲከፈል መደንገጉ መልካም እርምጃ ነው፤ ዕድርና ማኅበር፣ የሥራ ደቦና ጉርብትና ዋጋ እንዳላቸው የሚያውቅ ሕግ ነውና።

ይሁን እንጂ ሦስት ክፍተቶች ይቀራሉ። የመጀመሪያው ጊዜ ነው። የካሳ ግምት በተሠራበትና ክፍያው በተፈጸመበት ቀን መካከል ያለው ልዩነት በረዘመ ቁጥር የገንዘቡ የመግዛት አቅም ይቀንሳል። ሐምሌ 22/2016 ዓ.ም. የብር የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ይህ ጉዳይ ይበልጥ ይከብዳል። የሲሚንቶ፣ የብረትና የማዳበሪያ ዋጋ ሳይጠብቀው ካሳው በአሮጌ ግምት ከተከፈለ፣ በወረቀት የበዛው ብር በገበያ ያንሳል።

ሁለተኛው ክፍተት የገንዘብና የመሬት ባሕርይ ልዩነት ነው። ካሳው የ15 ዓመት ገቢ ነው ማለት ነው። የ40 ዓመቱ አርሶ አደር ገንዘቡን በየዓመቱ በቁጠባ ቢጠቀምበት እንኳ በ55 ዓመቱ ያልቃል፤ መሬቱ ቢኖር ግን ለልጁ ይተላለፍ ነበር። በንግድ ልምድ የሌለው ሰው ብዙ ገንዘብ በአንድ ጊዜ እጁ ሲገባ ምክርና ሥልጠና ካላገኘ ገንዘቡ በቤት ግንባታ፣ በድግስና በማያዋጣ ንግድ ሊያልቅ ይችላል። በከተማ ዳርቻ ምትክ የእርሻ መሬት ማግኘትም አዳጋች ነው፤ በዙሪያው ያለው መሬት በሙሉ በዚያው የከተማ መስፋፋት መስመር ላይ ነውና።

ሦስተኛው ክፍተት ከላይ የጠቀስነው ነው፤ በደብተሩ ላይ ስማቸው የሌለ ወጣቶች፣ እኩል አራሾችና ተከራዮች። ለእነዚህ ወገኖች የካሳ ስሌቱ የቱንም ያህል ቢሻሻል አይደርሳቸውም። እነርሱን ሊደርስ የሚችለው መልሶ የማቋቋም ሥራና የሥራ ዕድል ብቻ ነው።

ጭሱ፣ ደረቅ ቆሻሻውና የጉድጓዱ ውኃ

በነዋሪዎች ዘንድ ትልቁን ፍርሃት የሚፈጥረው የሆስፒታል ቆሻሻ ነው። እዚህ ላይ እውነታውን ከግምት መለየት ያስፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከጤና ተቋማት ከሚወጣው ቆሻሻ 85 በመቶ የሚሆነው ከተራ የቤት ቆሻሻ የማይለይ ነው፤ ወረቀት፣ ካርቶን፣ የምግብ ትራፊ። ቀሪው 15 በመቶ ግን አደገኛ ነው፤ መርፌና ስለት፣ በደምና በፈሳሽ የተበከለ ጨርቅ፣ ኬሚካልና ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት በዚህ ውስጥ ይመደባል።

አኃዙ የሚነግረን ሁለት ነገር ነው። ቆሻሻው ከምንጩ ከተለየ አደገኛው ክፍል ትንሽና ሊቆጣጠሩት የሚችሉት ነው። ካልተለየ ግን 15 በመቶው 85 በመቶውን ይበክለዋል፤ ሁሉም አደገኛ ይሆናል። ስለዚህ ነዋሪው ሊጠይቅ የሚገባው «ቆሻሻ ይኖራል ወይ?» ብሎ አይደለም። ተራው ቆሻሻ በጥቁር፣ ተላላፊው በቢጫ መያዣ ተለይቶ ይወጣል ወይ? መርፌው በሴፍቲ ቦክስ ይሰበሰባል ወይ? ማቃጠያው የጭስ ማውጫው ምን ያህል ከፍታ አለው፤ ነፋሱስ ጭሱን ወደ የትኛው መንደር ይወስደዋል? አመዱ የሚቀበረው የት ነው? ብሎ መጠየቅ ይገባዋል።

ለገጠሩ ሰው የፈሳሽ ቆሻሻው ጉዳይ ከጭሱ ይብሳል። በጣና ዳርቻ ባሉ ቀበሌዎች በእጅ በተቆፈረ ጉድጓድ ብዙ ሳይጠለቅ ውኃ ይገኛል። ቅርብ የሆነ ውኃ በቀላሉ የሚቀዳ ቢሆንም በቀላሉም ይበከላል። ገበሬው በዚያ ውኃ አትክልት ያጠጣል፤ ከብቱን ያጠጣል፤ ራሱም ይጠጣል። ፍሳሹ ሳይታከም ወደ ቦይ ከተለቀቀ ጉዳቱ በሆስፒታሉ አጥር አይወሰንም፤ በሰላጣና በቲማቲም ተጭኖ ወደ ከተማው ገበያ ይመለሳል። አጥር በሌለው የቆሻሻ መጣያ ላይ የሚሰማሩ ከብቶች ፌስታልና ጨርቅ እየበሉ መታመማቸውም ለአርሶ አደር አዲስ ወሬ አይደለም።

ሕጉ ለዚህ መልስ አለው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 ፕሮጀክት ከመጀመሩ በፊት ጥናቱ እንዲካሄድ፣ የጥናቱ ሪፖርትም ለሕዝብ ክፍት ሆኖ አስተያየት እንዲሰጥበት ይደነግጋል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 44 ለሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ አካባቢ የማግኘት መብትን፣ በአንቀጽ 92 ደግሞ ሕዝብ እርሱን በሚመለከቱ የአካባቢ ዕቅዶች ላይ ሐሳቡን የመግለጽ መብትን ያረጋግጣል። ነገር ግን በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወፍራም ጥራዝ በአንድ ቢሮ መደርደሪያ ላይ መቀመጡ «ለሕዝብ ክፍት ሆነ» አያሰኝም። ጥናቱ በአማርኛ ተጠቅሎ፣ የነፋሱ አቅጣጫና የፍሳሹ መውረጃ በካርታ ተመልክቶ፣ በቀበሌው አዳራሽ ሲነበብ ነው ሕጉ የሚፈጸመው።

በስብሰባው ላይ የሌለው ወገን

እስካሁን የተነጋገርነው በአዳራሹ ስላሉት ነው። በስብሰባው ፈጽሞ የማይገኝ አንድ ወገን ግን አለ፤ እርሱም ታማሚው ነው። ሆስፒታሉ የሚሠራላት ሴት ከሦስትና አራት ወረዳ ማዶ ትኖራለች። ገና አልታመመችም፤ ገና አላረገዘችም ይሆናል። ስሟ በየትኛውም የስብሰባ ቃለ ጉባኤ ላይ አይሰፍርም።

በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሀገሪቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ በእያንዳንዱ 100 ሺህ በሕይወት የሚወለድ ሕፃን 412 እናቶች ከእርግዝናና ከወሊድ ጋር በተያያዘ ሕይወታቸው እንደሚያልፍ አመልክቶ ነበር። የጤና ባለሙያዎች የእናቶችን ሞት ሲያብራሩ ስለ ሦስት መዘግየቶች ይናገራሉ። አንደኛው ወደ ጤና ተቋም ለመሄድ ለመወሰን መዘግየት፣ ሁለተኛው ተቋሙ ጋር ለመድረስ መዘግየት፣ ሦስተኛው ከደረሱ በኋላ ተገቢውን ሕክምና ለማግኘት መዘግየት ነው። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር የመጀመሪያውን መዘግየት ለማቃለል ብዙ ሠርቷል። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን የሚያቃልለው ግን መንገድ፣ አምቡላንስና አልጋ ያለው ሆስፒታል ነው።

ስለዚህ ክርክሩ መቋጫ አጥቶ በተራዘመ ቁጥር የሚከፍል ሰው አለ። ይህ ማለት ነዋሪው ዝም ይበል ማለት አይደለም። ይልቁንም ውይይቱን በጊዜ የመጀመርና በጊዜ የመጨረስ ኃላፊነት በዕቅድ አውጪው ላይ ይጥላል። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ተነሺዎች መሬቱን ከማስረከባቸው ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት ስለ ፕሮጀክቱ ዓይነትና ጥቅም እንዲወያዩ ማዘዙ ለዚህ ነው። አንድ ዓመት ለነዋሪው ለመሰናዳት፣ ለአስተዳደሩም ለመመለስ የሚበቃ ጊዜ ነው። ችግር የሚፈጠረው ውይይቱ የመሠረት ድንጋይ ከተቀመጠ በኋላ ሲጠራ ነው። በዚያን ጊዜ ነዋሪው የሚጠየቀው ሐሳቡን ሳይሆን ጭብጨባውን ነው። ያልተመለሰ ጥያቄ ደግሞ አይጠፋም፤ የግንባታ ማሽኑ ማሳው ዳር ሲደርስ፣ ወይም ክሱ ፍርድ ቤት ሲገባ ተመልሶ ይመጣል። ሥራው ይጓተታል፤ ዋጋው ይንራል፤ በመጨረሻም የምትጎዳው ያቺ በስብሰባው ያልነበረች ሴት ናት። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአበው ብሂል ከዚህ የተሻለ ቦታ አያገኝም።

ውሉ ምን ምን ይያዝ?

ክርክሩን ከድጋፍና ተቃውሞ ወደ ውል መለወጥ የሚቻለው ጥቂት ጥያቄዎች ከመሠረት ድንጋዩ በፊት በጽሑፍ ሲመለሱ ነው።

አንደኛ፣ የካሳው ግምትና የክፍያው ቀን መቀራረብ አለበት። ግምቱ ከተሠራ በኋላ ክፍያው ከዘገየ ግምቱ በወቅቱ ዋጋ መከለስ ይኖርበታል።

ሁለተኛ፣ በደብተሩ ላይ ስማቸው የሌለ የተነሺ ቤተሰብ ልጆች በስም ተመዝግበው በሥራ ዕድሉ ቅድሚያ ማግኘት አለባቸው። ሐኪምና ነርስ መሆን ዓመታት ይፈልጋል፤ ጥበቃ፣ ጽዳት፣ ልብስ እጥበት፣ ማብሰልና አትክልተኝነት ግን በአጭር ሥልጠና የሚሠሩ ናቸው። ግንባታው የሚወስዳቸው ዓመታት ለቴክኒክና ሙያ ሥልጠና የሚበቁ ስለሆኑ፣ ሥልጠናው ከግንባታው ጋር እኩል መጀመር ይችላል።

ሦስተኛ፣ ሆስፒታሉ ገበያ ጭምር መሆኑ መታወቅ አለበት። በየቀኑ ለሕሙማን ምግብ የሚያዘጋጅ ወጥ ቤት ወተት፣ እንቁላል፣ ድንች፣ ጎመንና ሽንኩርት ያስፈልገዋል። መሬታቸው በከፊል የተወሰደባቸው አርሶ አደሮች በቀሪው መሬት ላይ የወተት ላም፣ ዶሮና አትክልት ቢያለሙ ገዢያቸው ከደጃቸው ነው። ነገር ግን የመንግሥት ተቋም ከግለሰብ ገበሬ በዘፈቀደ አይገዛም፤ ሕጋዊ ሰውነት፣ ደረሰኝና ጥራት ይጠይቃል። ስለዚህ አርሶ አደሮቹን በኅብረት ሥራ ማኅበር የማደራጀቱ ሥራ ሆስፒታሉ በሩን ከመክፈቱ ቀድሞ መጠናቀቅ ይኖርበታል።

አራተኛ፣ የግቢው ንድፍ ጎረቤቱን ማሰብ አለበት። የአስከሬን መውጫው በር ከመኖሪያ ቤቶች ይልቅ ወደ ዋናው መንገድ ቢዞር፣ ማቃጠያው ነፋሱ ጭሱን ከመንደሩ በሚያርቅበት ማዕዘን ቢተከል፣ ለአስታማሚዎች ማረፊያና መጸዳጃ በግቢው ውስጥ ቢዘጋጅ፣ ብዙው ቅሬታ በወረቀት ላይ ሳለ ይቀራል። ከሩቅ የመጣ አስታማሚ ማደሪያ ካጣ የሚያድረው በነዋሪው አጥር ሥር ነው፤ የእርሱ ችግር የሰፈሩ ችግር ሆኖ ይቀጥላል።

አምስተኛ፣ የጉድጓዶቹ ውኃ ግንባታው ከመጀመሩ በፊት ተመርምሮ ውጤቱ መመዝገብ አለበት። ከዓመታት በኋላ ብክለት ቢከሰት «ድሮም እንዲህ ነበር» የሚለውን ሙግት የሚዘጋው ያ መዝገብ ነው። ምርመራው በየጊዜው ቢደገምና ውጤቱ በቀበሌው ቢለጠፍ፣ እምነት የሚገነባው በቃል ሳይሆን በማስረጃ ይሆናል።

ለእነዚህ ሁሉ የሚወጣው ወጪ ከአንድ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ሕንፃና መሣሪያ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር አነስተኛ ነው። አብዛኛው የሚጠይቀው ገንዘብ ሳይሆን ቅደም ተከተል ነው፤ ምክክሩ ከድንጋዩ፣ ሥልጠናው ከቅጥሩ፣ ምርመራው ከብክለቱ እንዲቀድም።

የከተማ ዳርቻ አርሶ አደር ለሆስፒታል መሬቱን ሲለቅ ለማያውቃቸው ሰዎች ልጆች ሕይወት የሚሆን ቦታ እየሰጠ ነው። ነገ እርሱም ሚስቱን ወይም ልጁን ይዞ በዚያው በር መግባቱ አይቀርም። በዚያን ቀን በሩ ላይ ቆሞ ሲጠብቅ የቆመበት መሬት የትናንት ማሳው መሆኑን ያውቃል። ልጁ በዚያ ግቢ ሥራ አግኝቶ፣ ጉድጓዱም ሳይበከል ቆይቶ ከሆነ፣ የተሰጠው መሬት ዋጋ አግኝቷል ማለት ይቻላል።